ስለ ወይን ቅጥርና ስለ ባልንጀራ ፍቅር የተጻፈ ሐተታ (ሉቃስ ምዕራፍ 10)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታን ጠየቀው። መጠየቁ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ወንጌላዊው እንደ መሰከረበት ራሱን ሊያጸድቅ ወዶ ነው። የባልንጀራን ስም በወገኑ ልክ ቈርጦ ቢሰጠው፤ ወገኑን በመውደዱ ብቻ ሕጉን ፈጽሜያለሁ ይል ዘንድ ነው። አንድም፤ ከዳርቻው ውጭ የወደቀውን አይቶ ቢያልፍ ዕዳ እንዳይሆንበት ነው። ጌታ ግን ዳርቻውን አልለካለትም፤ ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ታሪክ ነገረው። በፍጻሜውም ጥያቄውን ገልብጦ፤ ለወደቀው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው።

ካህኑ ማለፉ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ የሞተ መስሎት እንዳይረክስ ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ካህኑ በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር እንጂ ወደ መቅደስ ይወጣ ነበር አልተባለም። ስለዚህ አገልግሎቱ ምክንያት አይሆንለትም። ንጽሕናውን ጠበቀ፤ ንጽሕና የተሰጠችበትን ፍቅር ግን ጣለ።

በዚህ ነገር ከሌላው ተለይተው በራሳቸው ቅጥር የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበራት ይመረመራሉ። ቅጥር ራሱ ኃጢአት ነውን ቢሉ፤ አይደለም። ኢሳይያስ በምሳሌ የተናገረላት የወይን ቦታ ቅጥር ነበራት። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የወይኑ ባለቤት ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። እንግዲህ ቅጥሩ ፍሬውን ከአውሬ ሊጠብቅ ነው እንጂ መጻተኛውን ሊያስርብ አይደለም። የቅጥሩ ፈተና ቃርሚያው ነው። ቃርሚያ የሌላት የወይን ቦታ ቅጥሯ ቢያምር ምን ይረባታል?

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ያለችው የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በ1829 ዓመት ቅዱስ ቍርባን ያለ መልክ ልዩነት ለሁሉ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በ1857 ዓመት የተሰበሰበው ጉባኤ ግን፤ ከአሕዛብ የመጡትን ከነባሮቹ ጋራ አንድ ማድረግ እንደ መጽሐፍ ቃል የተገባ መሆኑን ሳይክድ፤ ስለ አንዳንዶች ድካም ሲል ለብቻቸው በሌላ ቤት እንዲያመልኩ ፈቀደ። በ1881 ዓመት ለእነርሱ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ቆመች። በቤተ ክርስቲያን በፈቃድ የተጀመረው መለየት ከ1948 ዓመት በኋላ የመንግሥት ሕግ ሆነ። በ1982 ዓመት የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት የዓለም ማኅበር በኦታዋ ተሰብስቦ ይህን መለየት በሃይማኖት የሚያጸድቅ ትምህርት ኑፋቄ ነው ብሎ አወገዘ። ተለይታ የቆመችውም ቤተ ክርስቲያን በ1986 ዓመት የቤልሃርን የሃይማኖት ምስክርነት አጸደቀች።

ስሕተቱ ከወዴት ገባ ቢሉ፤ ድካም ከሚለው ቃል ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 15 ብርቱዎች የደካሞችን ድካም እንዲሸከሙ ያዛል። በዚያ ጉባኤ ግን ድካሙ የጌቶች ሲሆን ሸክሙ በሎሌዎች ላይ ወደቀ። ኀይል ያለው ወንድሙን የማይወድበትን ጠባዩን ድካም ብሎ ሰየመው፤ ኀይል የሌለውም ስለዚህ ከማዕድ ተለየ። እውነትን ሳያውቁ ከመሳሳት ይልቅ፤ ዐውቆ ለጊዜው ነው ማለት ይከፋል፤ ለጊዜው የተባለው ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯልና።

ሁለተኛው ምሳሌ አሚሽ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ በ1693 ዓመት ከስዊስ ወገኖቻቸው የተለዩ፤ ዛሬም በአሜሪካ በፈረስ ሠረገላ የሚሄዱ፤ በልብስና በአነጋገር ከጎረቤት ተለይተው የሚኖሩ ናቸው። በ2006 ዓመት በመስከረም 22 ቀን 1999 ዓ.ም. በፔንሲልቫንያ አንድ የማኅበራቸው ያልሆነ ሰው ወደ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብቶ ዐሥር ልጃገረዶችን በጥይት መታ፤ አምስቱ ሞቱ፤ እርሱም ራሱን ገደለ። አሚሾች ግን በዚያው ቀን ወደ ገዳዩ ቤተ ሰብ ሄደው አጽናኑአቸው፤ ብዙዎችም በቀብሩ ተገኙ፤ ለእነርሱ ከተላከው ርዳታም ለመበለቲቱና ለልጆቿ አካፈሉ። ቅጥር ያላቸው ሰዎች ከቅጥሩ ውጭ ያለውን፤ ያውም የጠላትን ቤት፤ ወደዱ። ስለዚህ የተዘጋ ማኅበር ሁሉ ፍቅር የለውም የሚል ይሳሳታል።

ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ተጠምቆ ከማኅበራቸው የወጣውን ወንድም ከማዕዳቸው ይለያሉ። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ተጸጽቶ እንዲመለስ ነው ይላሉ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያዘዘውንም ይጠቅሳሉ። ተግሣጽ ያለ መጽሐፍ አይደለም። ሆኖም በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያለው አባት የጠፋውን ልጅ ገና በሩቅ ሳለ አየው፤ ሮጦም ተቀበለው። መንገዱን የማይመለከት ተግሣጽ ግን ቅጣት ብቻ ነው። ለገዳይ ቤት የተገኘ ምሕረት ለገዛ ልጅ ቢጠበብ፤ ፍቅሩ ገና አልተፈጸመም።

ይህን ያነበበ ሰው ፍርዱን በሩቅ አገር ብቻ አይተወው። በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩ፤ ሸማኔው፤ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በሙያቸው ሲነወሩ ኖረዋል፤ ቡዳ ተብለውም ማዕድና ጋብቻ ተከልክለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ንጉሥ በቅጣት ሊያስፈራበት የተገደደው ነገር አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ሊሰበክ የሚገባው ነበር። ምእመኑ መስቀሉን ይሳለማል፤ መስቀሉን የቀጠቀጠውን እጅ ግን ይጸየፋል። ካህኑ በጽናው ያጥናል፤ ጽናውን የሠራው ግን ከማዕድ ውጭ ይቆማል። መኰንኑ በማረሻው የተገኘውን እህል ይበላል፤ ማረሻውን ያሾለውን ግን ከበታች ያስቀምጣል። ይህ ሳምራዊውን መንገድ ላይ አግኝቶ ማለፍ ነው።

እንግዲህ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ፍቅር እንዳላት የሚታወቀው በቅጥሯ ጥበት ወይም ስፋት አይደለም። በደጇ የቆመው ሰው ስሙ ምን ተብሎ እንደሚጠራና በማዕዷ ምን ስፍራ እንዳለው ይጠየቅ። ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ገና ይለካል፤ ባልንጀራ የሚሆን ግን ከአህያው ወርዶ ይቀርባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።