ዝምድና ወይስ ጉርብትና፤ የፕሮፌሰር ፈርጉሰን «የቋንቋ ቀጠና» ሐሳብ ሲመረመር

ሁለት ቋንቋዎች ተመሳስለው የተገኙ እንደ ሆነ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ይኸውም ወይ ከአንድ አባት ተወልደዋል፥ ወይ በጉርብትና ተበዳድረዋል፥ ወይም በአጋጣሚ ገጥመዋል። አጋጣሚውን ለጊዜው ብንተወው፥ ውርስን ከብድር መለየት ለእኛ አገር ተማሪ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በቦሌ ሚካኤል ሠፈር አማርኛ፥ ኦሮምኛና ሶማልኛ ባንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ። ሦስቱም አፍሮ እስያዊ በሚባለው ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ይቈጠራሉ፤ አማርኛ በሴማዊው ክፍል፥ ሁለቱ ደግሞ በኩሻዊው። እንግዲህ ዘመዶቹ ጎረቤቶችም ስለ ሆኑ፥ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋዎች ዘንድ ሲገኝ የተወረሰ ነው ማለትም የተወሰደ ነው ማለትም የሚቻል ይመስላል።

ፕሮፌሰር ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. «ቋንቋ በኢትዮጵያ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ያቀረቡት ምዕራፍ ስለዚህ ጉዳይ ነው። አሳባቸው በአጭሩ፥ የአገራችን ቋንቋዎች የዘር ሐረጋቸው ቢለያይም አብረው በመኖር ብዛት የድምፅና የሰዋስው ባሕርይ ተካፍለው አንድ የቋንቋ ቀጠና ሆነዋል የሚል ነው። ይህ አስተያየት የሚመሰገንበት ምክንያት አለ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው ግእዝን ከዕብራይስጥ፥ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር አስተያይተዋል፤ ሥራው እስከ ዛሬ የሚያኰራ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሄደ ተማሪ ባሕር ተሻግሮ ዘመድ ሲፈልግ በአጥር ማዶ ያለውን ኩሻዊ ጎረቤት ሳያይ ይቀራል። ፈርጉሰን ዓይናችንን ወደ አጥሩ መለሱልን።

ማስረጃቸውም ከንቱ አይደለም። በግእዝ ግሱ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን እንደ ኦሮምኛ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቆማል። አማርኛ «ዝም አለ» ሲል ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ ሁለቱም ዝምታን «አለ» በሚል ግስ ይገልጣሉ። እዚህ ላይ በድምፅ የሚመሳሰል አንድ ቃል እንኳ የለም፤ የተወሰደው የአነጋገሩ ስልት ነው። ብድርን በቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አያገኘውም።

ጉድለቱ ከዚህ ይጀምራል። የጋራ ባሕርያት ሲዘረዘሩ የተወረሰው ከተበደረው አልተለየም። ለምሳሌ ጠ፥ ቀ፥ ጸን የመሳሰሉት ፈንጂ ድምፆች የቀጠናው ምልክት ተደርገው ተቈጥረዋል። ነገር ግን በዐረብኛ በእነዚህ ፊደላት አንጻር የሚገኙት ወፍራም ድምፆች ጥንት እንደ እኛ ፈንጂ እንደ ነበሩ ዛሬ አብዛኞቹ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቃውንት ይቀበላሉ። እንዲህ ከሆነ አማርኛ የአያቱን ድምፅ ጠበቀ እንጂ ከጎረቤት አልተበደረም። ማውሮ ቶስኮም በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ከተዘረዘሩት ባሕርያት ብዙዎቹ ወይ የአፍሮ እስያዊ ውርስ ናቸው፥ ወይም ከኩሻዊ ወደ ሴማዊ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሄዱ ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ሥርዓት መጀመሪያ ውርሱን መቍጠር፥ ከዚያ የተረፈውን ለጉርብትና መስጠት ነው።

ታዲያ ውርስ በምን ይታወቃል? ቱርክኛን፥ ሞንጎልኛንና ቱንጉዝኛን አልታይ በሚል አንድ ቤተሰብ ውስጥ ለማግባት የተነሣው ክርክር ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። ጄራርድ ክላውሰን በ1956 እ.ኤ.አ. ቱርክኛና ሞንጎልኛ ዘመዶች ቢሆኑ ኖሮ ቍጥሮቻቸውና ተራ ግሶቻቸው በተመሳሰሉ ነበር፤ የሚመሳሰሉት ግን የብድር ቃሎች ናቸው አሉ። ይህን ሚዛን ወደ እኛ እናምጣው። የኦሮምኛው አፉር፥ ሸን፥ ሰገል ከሶማልኛው አፈር፥ ሸን፥ ሰጋል ጋር ይገጥማል። የአማርኛው ሰባት ከግእዙ ሰብዐቱና ከዐረብኛው ሰብዓ ጋር ይገጥማል። ከአንድ እስከ ዐሥር ግን አማርኛና ኦሮምኛ የሚመሳሰሉበት ቍጥር የለም። በቍጥር ብቻ ብንፈርድ ዝምድናቸውን መካድ ሊኖርብን ነው።

የሚያድነን የግሱ እርባታ ነው። ሶማልኛ «ማወቅ» የሚለውን ግስ እንዲህ ያረባዋል፤ እኔ አቃን፥ አንተ ተቃን፥ እርሱ የቃን፥ እርሷ ተቃን፥ እኛ ነቃን። ግእዝ ደግሞ እነግር፥ ትነግር፥ ይነግር፥ ትነግር፥ ንነግር ይላል። የግሱ ሥር ፈጽሞ የተለያየ ሲሆን፥ በመነሻው ያለው ምልክት በየተራው ይገጥማል፤ እንዲያውም «አንተ» እና «እርሷ» ባንድ ት መነገራቸው፥ ያለ ምክንያት የሚመስለው ነገር ሳይቀር፥ በሁለቱም ዘንድ አለ። በኦሮምኛ ምልክቱ ወደ መጨረሻ ቢዞርም ቤክተ «ታውቃለህ»፥ ቤክቲ «ታውቃለች»፥ ቤክነ «እናውቃለን» ሲል ያው ት እና ያው ን ይታያሉ። ሰው ከጎረቤቱ ዕቃ ይዋሳል፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ሥርዓት እስከ ጕድፉ መዋስ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ስለ ቃል የሆነ እንደ ሆነ፥ በሩቅ ዘመዳሞች መካከል ፈጽሞ የተመሳሰለ ቃል ይጠርጠር፤ ብዙ ሺህ ዓመት ያለፈበት ውርስ መልኩን ሳይለውጥ አይቀርምና። ፈረስ በዐረብኛና በሶማልኛ ፈረስ፥ በኦሮምኛ ፈርደ ነው። ነገር ግን እንስሳው ወደ አፍሪካ የገባው አፍሮ እስያዊ ከተከፋፈለ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ስሙ ከእንስሳው ጋር የተጓዘ ነው። ጉዲፈቻ በአማርኛ ብቻውን የቆመ ቃል ነው፤ በኦሮምኛ ግን ቤተሰብ አለው። ጉዳ «ትልቅ»፥ ጉደቹ «ማደግ»፥ ጉዲሱ «ማሳደግ»፥ ጉዲፈቹ «ለራስ ማሳደግ» ነውና አበዳሪው ግልጥ ነው። ይህም ፈተና ቢሆን ሁልጊዜ አይፈርድም። በቆሎ በኦሮምኛ ቦቆሎ ይባላል፤ አማርኛ «በቀለ» የሚል ግስ አለው፥ ኦሮምኛም «ቢቂሉ» የሚል አለው፤ ሁለቱም ቤተሰብ ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ግሱ በግእዝ በቈለ ሆኖ በዐረብኛም ዘንድ ስለሚገኝ በሴማዊው ወገን ሥሩ የጠለቀ ነው፤ እህሉ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነውና ስሙ በዚህ ትርጕም ከ1492 እ.ኤ.አ. ሊቀድም አይችልም።

ይህን ሁሉ መለየት የሚጠቅመው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ አይደለም። በዘመናችን የቃል ዝርዝር እየተያዘ «ይህ የእኛ ነበር፤ እናንተ ወሰዳችሁት» የሚል ሙግት ይሰማል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ቋንቋን ከባዕድ ቃል እናጥራ የሚል አለ። ሁለቱም ብድርን እንደ ነውር ይቈጥራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ሲሠራበት የአማርኛ ሕግነቱ አልጐደለም፤ የኦሮሞ ሕዝብ ልማድ በቃሉ ውስጥ እንዳለ ግን ማወቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት የሚጽፉ ጓደኞቼ የሁለት ቋንቋ ቃላት አሰልፈው ዝምድናን ወይም ዕዳን ከመፍረዳቸው በፊት፥ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ሦስት ነገር እንዲጽፉ አሳስባለሁ፤ ቃሉ በየቋንቋው ያለውን ቤተሰብ፥ ነገሩ ወደ አገር የገባበትን ዘመን፥ በሦስተኛ ዘመድ ቋንቋ ያለውን መልክ። ሦስቱ ያልተጻፉለት ቃል ለጊዜው ለማንም ወገን አይመስክር።