የተዋሰው ዝና፦ የሐምቡርግ የቡለርዳይሽ ቆሻሻ ማቃጠያና የሥፍራው ታሪክ ሲመረመር

ስለ ደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ በተጻፉ መጻሕፍት መግቢያ ላይ አንድ አጭር ትረካ ተደጋግሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመን የወደብ ከተማ ሐምቡርግ በኮሌራ ወረርሽኝ ክፉኛ ተመታች፤ ስለዚህም ከእንግሊዝ ቀጥሎ በአውሮፓ አህጉር የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ማቃጠያ ቡለርዳይሽ በተባለው ሥፍራ ሠራች የሚል ነው። ወረርሽኙም ማቃጠያውም እውነተኛ ናቸው። ጥርጣሬ የሚያሳድረው ሁለቱን ያያያዘው "ስለዚህም" የሚለው ቃል ነው። አንባቢው በዚህ ቃል ተመርቶ እሳቱ የኮሌራው መድኃኒት ነበር ወደሚል እምነት ይደርሳል። የጤና ባለሙያ ግን መድኃኒቱንና በሽታውን ለይቶ የመጠየቅ ግዴታ ስላለበት፣ ትረካውን እንደ ሕመምተኛ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ መውሰድ ይገባል።

ሐምቡርግ በዚያ ዘመን ከ600,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባትና ከአህጉሩ ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ወረርሽኙ በነሐሴ አጋማሽ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሲያሳምም ከ8,500 በላይ የሚሆኑትን ገደለ። ከታመሙት መካከል ግማሽ ያህሉ ሞቱ ማለት ነው። ከተማይቱ ለነዋሪዎቿ የምታድለው ውኃ ከኤልበ ወንዝ ተቀድቶ ሳይጣራ በቧንቧ የሚሄድ ነበር። ውኃው በአሸዋ እንዲጣራ የሚጠይቅ ምክር ለዓመታት ሲቀርብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ምክር ቤት በነጋዴዎችና በባለ ንብረቶች የተያዘ በመሆኑ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ክርክር ሥራው ዘገየ። ማጣሪያው መሠራት በጀመረበት ጊዜ ወረርሽኙ ቀድሞ ደረሰ።

ለዚህ ክርክር ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው የሚመስል የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረ። ከሐምቡርግ ጋር ቤት ለቤት ተያይዛ የተሠራችው አልቶና የተባለች ከተማ ውኃዋን የምትቀዳው ከዚያው ከኤልበ ነው፤ ያውም የሐምቡርግ ፍሳሽ ወንዙን ከተቀላቀለ በኋላ፣ ከታችኛው ተፋሰስ። ሆኖም አልቶና ውኃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበርና በንጽጽር ሲታይ በጥቂቱ ተነክታ አመለጠች። በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ በአንዱ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ በአንድ ዓይነት ቆሻሻ መካከል ይመላለሳሉ፤ በሽታው ግን የሐምቡርግን ቧንቧ ተከትሎ ሄዶ ከአልቶና ቧንቧ ሲደርስ ቆመ። ወረርሽኙን እንዲመረምር ከበርሊን የተላከው ሮበርት ኮህም ይህንን ማስረጃ አጉልቶ አሳይቷል። ወረርሽኝን ለተማሪ ለማስተማር ከዚህ የጠራ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ መንሥኤው ውኃ ከሆነ እሳቱ ከየት መጣ? መልሱ ከፊሉ በሐሳብ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በጀርመን የሥነ ንጽሕና ትምህርት አባት የነበረው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር፣ ተህዋሲው ብቻውን ወረርሽኝ አያስነሣም፤ የአፈሩና የአካባቢው ሁኔታ መመቻቸት አለበት ብሎ ያምን ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኮሌራ ተህዋሲ ያለበትን ፈሳሽ በሰው ፊት ጠጥቶ በቀላል ተቅማጥ ብቻ መትረፉ ይታወቃል። ከብክለት በሚነሣ ክፉ አየር የሚያምነውም ሆነ በተህዋሲ የሚያምነው ወገን በአንድ ነገር ላይ ሊስማማ ይችል ነበር፤ ቆሻሻን ማቃጠል አይጎዳም። ማጣሪያ ግን ፔተንኮፈር ትክክል አለመሆኑን መቀበልን ይጠይቃል። ሁለቱንም ወገን የማያስቀይም ሥራ በፖለቲካ ዘንድ ብዙ ወዳጅ እንደሚያገኝ ግልጽ ነው።

የቀረው ከፊል መልስ ተራ የሥራ ጉዳይ ነው። እኔም ለማቃጠያው ተገቢው ምስጋና እዚህ ላይ ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ። ከወረርሽኙ በፊት የከተማይቱ ቆሻሻ በዙሪያዋ ባሉ የእርሻ መሬቶች ላይ ይደፋ ነበር። ኮሌራው ሲነሣ የአካባቢው ገበሬዎች የሐምቡርግን ቆሻሻ አንቀበልም አሉ። ማንም የማይወስደው ክምር በከተማይቱ እጅ ቀረ። የከተማይቱ ዋና መሐንዲስ ፍራንዝ አንድሪያስ ማየር በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተሞከረውን የማቃጠያ ዘዴ ወስዶ ሆርስፎል በተባለው የእንግሊዝ ሥሪት ተክሉን አቋቋመ። ከሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የክምሩ መጠን ቀነሰ፤ ከእቶኑ የሚወጣው ጠጣር ቅሪት ለመንገድ ሥራ ዋለ፤ ሙቀቱም ኃይል ሰጠ። ቆሻሻው የትም እንዳይሄድ ሆኖ በታገደባት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ የማጓጓዝና የቦታ ችግር መፍትሔ እንጂ የኮሌራ መፍትሔ አይደለም። ኮሌራውን ከሐምቡርግ የከለከለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1893 በካልተሆፈ ደሴት ሥራ የጀመረው የአሸዋ ማጣሪያ ነው፤ ማቃጠያው መደበኛ ሥራውን ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ ማለት ነው። ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ትረካውን ያፈርሰዋል።

የሐምቡርግ ስኬት ለሌሎች ከተሞች የቀረበበት መንገድም ሊተች ይገባል። በርሊን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የእንግሊዝን እቶን ሞክራ ተስፋ ቆርጣለች። ምክንያቱ የመሐንዲሶቹ ድክመት አልነበረም። የእንግሊዝ ቤቶች ቆሻሻ በደንብ ያልነደደ የድንጋይ ከሰል ስለሚበዛበት ራሱን በራሱ ያነድዳል። የበርሊን ነዋሪ ግን ምድጃውን የሚያሞቀው በቡናማ ከሰል ስለነበረ ቆሻሻው በአብዛኛው አመድ ሆነ፤ አመድን ደግሞ ሁለተኛ ማቃጠል አይቻልም። አንድ ማሽን በአንድ ከተማ መሥራቱ ለሌላው ከተማ ማረጋገጫ አይሆንም። መጀመሪያ መመርመር ያለበት እቶኑ ሳይሆን የቆሻሻው ዓይነት ነው።

የቡለርዳይሽ ሰዎች ሊያውቁት የማይችሉትን ነገር አላወቃችሁም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ከማዘጋጃ ቤት ማቃጠያዎች በሚወጣ ብናኝ አመድ ውስጥ ዳዮክሲን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ነው። ጭሱ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሴኮንድ እንዲቆይ የሚያስገድደው የአውሮፓ ደንብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ወቀሳው የሚገባው ዛሬ ይህን እያወቀ የድሮውን ዝና ሳይመረምር ለሚጠቅስ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሥፍራው እንመለስ። ቡለርዳይሽ የሚገኘው ሀመርብሩክ በተባለው፣ የወደብ ሠራተኞች ተጨናንቀው ይኖሩበት በነበረው ዝቅተኛ መሬት ነው። ይህ ሠፈር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 በአየር ድብደባ በተነሣው የእሳት ማዕበል ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ከጦርነቱ በኋላም እንደ ቀድሞው የመኖሪያ ሠፈር አልሆነም። የድሮው ማቃጠያ ዛሬ የለም። ቡለርዳይሽ ግን እስካሁን የከተማይቱ የጽዳት ድርጅት መቀመጫ ነው። ከተማ አንድን ሥፍራ ለቆሻሻ አንድ ጊዜ ከመረጠች፣ ሕንፃው ቢፈርስ፣ ነዋሪው ቢያልቅ፣ መንግሥታት ቢፈራረቁ እንኳ ምርጫዋን እንደማትለውጥ ከዚህ ይታያል። በአንጻሩ የካልተሆፈ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራውን አቁሞ ከ2011 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየምና መናፈሻ ሆኗል። ጎብኚ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ በመጻሕፍት መግቢያ ላይ የኮሌራ ልጅ ተብሎ የሚጠቀሰው ግን ማቃጠያው ሆኖ ቀርቷል።

የሥፍራ ነገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማይቱ ቆሻሻ ሲደፋበት ቆይቶ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በሥፍራው ላይና በዙሪያው ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ የተዋወቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በዚያው አካባቢ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታቅዶ ነበር። እዚህም ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን ስለቆሙ "ስለዚህም" የሚለው ቃል ሊገባባቸው ዝግጁ ነው። ዕቅዱ ግን ከአደጋው አስቀድሞ የተጀመረ ነው፤ የማቃጠያ መኖርም የቆየ ክምርን አያረጋጋም። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ በአብዛኛው እርጥብ የምግብ ትርፍራፊና ብስባሽ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የበርሊንን ሙከራ ማስታወሱ አይቀርም። የበርሊን ቆሻሻ ከአመድ ብዛት እምቢ አለ፤ የእኛው ከውኃ ብዛት የተነሣ ሙቀቱን የሚበላው ለራሱ መድረቂያ ነው። ከዚህ አኳያ ሲታይ ብስባሹን ከምንጩ ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ ለእቶኑም ለእርሻውም የሚሻል ይመስለኛል። ብስባሹ ሳይለይ የሚቀርብ የቶን ቁጥርም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚቀርበው ማቃጠያ በየጤና ጣቢያው ጓሮ ያለው ነው። በጡብ ተሠርቶ፣ አጭር ጭስ ማውጫ ቆሞለት፣ ሴፍቲ ቦክሱም ጓንቱም የግሉኮስ ከረጢቱም በአንድነት ይገቡበታል። መርፌን ከሕፃናት እጅ ማራቁ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አልክደውም። ይሁን እንጂ በእንጨትና በካርቶን የሚነድ እቶን የሚፈለገው የሙቀት መጠን ላይ መድረሱን የሚለካ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲነድ ደግሞ ዳዮክሲን ይፈጠራል። ኢትዮጵያ ይህንን ዓይነቱን ልቀት ለመቀነስ የሚያስገድደውን የስቶክሆልም ስምምነት ተቀብላለች። በዚያው ግቢ ውስጥ እጅ መታጠቢያው ውኃ የሌለው፣ መጸዳጃ ቤቱም የተቆለፈ ሆኖ ሲገኝ፣ ለማቃጠያው የወጣው ገንዘብ የሐምቡርግን ምክር ቤት ያስታውሳል። ወረርሽኝ በታወጀ ቁጥር ቀድሞ የሚታየው የጥራጊ ዘመቻ ነው፤ ጭሱ ከሩቅ ስለሚታይ ሥራ እንደተሠራ ይመሰክራል። የክሎሪን መጠን በቧንቧው ጫፍ ላይ መለካቱ ግን ለማንም ዓይን አይታይም።

የተቋማት ኃላፊዎች አንድ ተጨማሪ ነገር እንዲመዘግቡ እጠይቃለሁ። እነዚህ ትንንሽ እቶኖች ይሰነጠቃሉ፤ ፈርሰውም በሌላ ይተካሉ። የፈረሰው የቆመበት ቦታና የአመድ ጉድጓዱ ግን በግቢው ንድፍ ላይ ሳይመለከት ይቀራል። ከዓመታት በኋላ አዲስ ክፍል ለመሥራት፣ የጓሮ አትክልት ለማልማት ወይም የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ሲታሰብ፣ በዚያ መሬት ሥር መርፌና ከባድ ብረት ያዘለ አመድ መኖሩን የሚነግር ወረቀት መኖር አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው የግቢው ካርታ፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን፣ እንዲሁም የመዝጋቢው ፊርማ ነው።