የአዲስ ገቢ ተማሪዎች መሠረታዊ የኮምፒዩተር ክሂል፦ ስለ አለካኩና ስለ ማሻሻያው

መግቢያ

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርትን እንደገና ሲጀምሩ፣ ወደ ልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች የሚያመሩ ተማሪዎች በጋራ እንዲማሯቸው ከተደነገጉት ትምህርቶች አንዱ «የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ» የተሰኘው ነበር። ለዚሁ ትምህርት በቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት የወጣው የማስተማሪያ ጥራዝ ሰባት ምዕራፎች አሉት። ጥራዙ ከኢንዱስትሪ አብዮቶች ታሪክ ተነሥቶ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ዕቃዎች በኢንተርኔት አማካይነት እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙበት ሥርዓት፣ ገሐዱን ዓለም ከኮምፒዩተር ምስል ጋር ስለሚያቀናጀው ቴክኖሎጂና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ያትታል። በመጨረሻው ምዕራፍም ናኖቴክኖሎጂን፣ ብሎክቼይንንና ኳንተም ኮምፒዩተርን የመሳሰሉትን ያስተዋውቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥራዙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መመርመር ነው፤ ይኸውም ከኮምፒዩተር ጋር ገና በመተዋወቅ ላይ ላለ አዲስ ገቢ ተማሪ ምን ያህል ያገለግላል የሚለው ነው። ከዚህም ጋር የተማሪዎቹ መሠረታዊ ክሂል በምን ዓይነት መንገድ ሊለካና ሊሻሻል እንደሚችል ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚረዳ ሐሳብ ይቀርባል።

የጥራዙ በጎ ጎን

በቅድሚያ የጥራዙን በጎ ጎን መግለጽ ተገቢ ነው። የሕግም ሆነ የእርሻ፣ የታሪክም ሆነ የሕክምና ተማሪ ዓለም ወዴት እያመራ እንደሆነ ቢያንስ በስም ደረጃ እንዲያውቅ ማድረጉ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነው። በተለይም ስለ ሥነ ምግባር የሚናገረው ምዕራፍ የግለሰብን ምስጢር ስለ መጠበቅ፣ ስለ ተጠያቂነትና ስለ መተማመን ማንሣቱ የሚመሰገን ነው። ቴክኖሎጂን ከኃላፊነት ጋር አጣምሮ ማስተማር በብዙ የቴክኒክ መጻሕፍት የማይገኝ ጥንቃቄ ነው።

ዋናው ጉድለት

ይሁን እንጂ ጥራዙ አንድ ትልቅ ግምት በውስጡ ይዟል። ግምቱም ተማሪው ኮምፒዩተርን አስቀድሞ መጠቀም ይችላል የሚል ነው። ከሰባቱ ምዕራፎች አንዱም ቢሆን ፋይልን በሥርዓት ማስቀመጥን፣ ጽሑፍ መተየብን፣ በሠንጠረዥ ማስላትን ወይም ኢሜይል መላክን ዋና ዓላማው አላደረገም። ግምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር። ነገር ግን ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ ተማሪው ሲገባ በሚሰጥ የተግባር ፈተና አልተረጋገጠም።

እርግጥ ነው፣ የኮምፒዩተር ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታና መማሪያ መጽሐፍ አለው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከሚካተቱት ትምህርቶች መካከል አይደለም። መምህራን ሁሉ እንደሚያውቁት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጊዜውንና ጉልበቱን የሚያውለው በሚፈተንበት ትምህርት ላይ ነው። የኮምፒዩተር ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ መምህር በተሟሉለት የከተማ ትምህርት ቤት የተማረና እነዚህ ሁሉ በሌሉበት የገጠር ትምህርት ቤት መጽሐፉን ብቻ አንብቦ ያለፈ ተማሪ፣ በመግቢያ ፈተናው እኩል ነጥብ አግኝተው በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚያሳይ ሰነድ ግን በመምህሩ እጅ የለም።

በቄስ ትምህርት ቤት የነበረው የማስተማር ሥርዓት በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ሕፃኑ ፊደል ሳይለይ ወደ ዳዊት አይሻገርም ነበር። ሀ ሁ ሂ ብሎ በቃሉ ማዜሙም ብቻውን እንደ ዕውቀት አይቆጠርለትም። ዜማውን የለመደ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ሊዘልቀው ስለሚችል፣ ተራው በተለወጠው በአቡጊዳ እንዲያልፍና መምህሩ በእንጨት ያመለከተውን ፊደል ለይቶ እንዲጠራ ይደረግ ነበር። የቃል ጥናትንና እውነተኛ ችሎታን መለየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት የጎደለው ይኸው አቡጊዳ ነው።

ቃልን መለካትና ተግባርን መለካት

ሁለተኛው ጉድለት ከምዘናው ይመነጫል። ይዘቱ በመላው ንድፈ ሐሳብ የሆነ ትምህርት የሚመዘነው በአብዛኛው በምርጫ ጥያቄና በትርጉም ነው። ተማሪው የማሽን ትምህርት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከአራት ምርጫዎች መካከል ለይቶ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ይኸው ተማሪ የቤት ሥራውን በእጁ ጽፎ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የትየባ አገልግሎት ለሚሰጥ ሱቅ ከፍሎ የሚያስተይብ ከሆነ፣ ያገኘው ነጥብ ስለ ችሎታው ምንም አይናገርም። ይባስ ብሎም ያሳስታል፤ መምህሩም፣ የትምህርት ክፍሉም፣ ተማሪው ራሱም ክፍተቱ የተሞላ ይመስላቸዋል።

ተማሪውን «ኮምፒዩተር ትችላለህን?» ብሎ በመጠይቅ መጠየቅም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በሰዋስውና በሥነ አመክንዮ ባደረጉት ጥናት፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ ሰዎች የራሳቸውን ችሎታ ከእውነተኛው እጅግ አስበልጠው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀትና ሥራው በትክክል አለመሠራቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዕውቀት አንድ በመሆናቸው፣ የጎደለው ሰው ጉድለቱን ማየት ያዳግተዋል።

ወጣቶች ከእጅ ስልክ ጋር ስለሚውሉ ክሂሉ በራሱ ይመጣል የሚለው አስተሳሰብም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። በእጅ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ ፋይል መቀበልና ማስተላለፍ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ፋይል በኮምፒዩተር ከፍቶ ማረም፣ በአዲስ ስም ማስቀመጥና ከወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ከተጠቃሚው ይሰውራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ያንን ማወቅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የትምህርት ውጤት ምዘና ማኅበር ከ20 በላይ በሆኑ የትምህርት ሥርዓቶች ውስጥ 60 ሺህ ያህል የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በኮምፒዩተር ላይ በተግባር ፈትኖ ነበር። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ባለጸጋ አገሮች ሆነው ሳለ፣ ወደ ከፍተኛው የችሎታ ደረጃ የደረሱት ከ100 ተማሪዎች 2ቱ ያህል ብቻ ነበሩ። በመሣሪያ ተከቦ ማደግ ብቻውን ክሂልን እንደማያስገኝ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ጉዳዩ ለምን አይዘገይም

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና መስጠት ተጀመረ፤ ፈተናውም የተሰጠው በኮምፒዩተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር ወስደዋል። እንግዲህ ተማሪው የተማረውን ሙያ የሚያስመሰክርበት መሣሪያ ራሱ ኮምፒዩተር ሆኗል። የምርጫ መልስን መርጦ መጫን ብዙ ክሂል እንደማይጠይቅ አይካድም። ሆኖም ማውስ ለመያዝ የሚንቀጠቀጥ፣ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ የሚስት፣ ገጹ ሲጠፋበት የሚደነግጥ ተፈታኝ ከሙያ ዕውቀቱ ውጭ በሆነ ምክንያት ነጥብ ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ነጥብ የተማሪውን ችሎታ ሳይሆን የመጣበትን ትምህርት ቤት ድህነት ይለካል። በመሆኑም ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ሊለካ የሚገባው ምንድን ነው?

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የዲጂታል ብቃት ማዕቀፍ 21 ብቃቶችን በአምስት ዘርፎች ይከፍላል፤ እነርሱም መረጃን መፈለግና መመዘን፣ መግባባት፣ ይዘት መፍጠር፣ ደኅንነትና ችግር መፍታት ናቸው። ማዕቀፉን እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚበቃ የ40 ደቂቃ የተግባር ፈተና ግን ከእርሱ ሊቀዳ ይችላል። ፈተናው የሚከተሉትን ሰባት ተግባራት ቢይዝ ለጅምር በቂ ነው፦

1. በተሰጠ ስምና የይለፍ ቃል መግባት፤
2. ፎልደር ፈጥሮ ስም መስጠትና ሦስት ፋይሎችን በውስጡ ማስቀመጥ፤
3. አንድ አጭር አንቀጽ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ወይም በሌላ የክልል የሥራ ቋንቋ መተየብ፤
4. የአሥር ተማሪዎችን ነጥብ በኤክሴል መዝግቦ ድምሩንና አማካዩን በቀመር ማውጣት፤
5. ከኢንተርኔት አንድ መረጃ ፈልጎ ምንጩን መጥቀስ፤
6. ፋይል ከኢሜይል ጋር አያይዞ መላክ፤
7. ከቀረቡለት ሦስት መልእክቶች መካከል የማጭበርበሪያውን ለይቶ ምክንያቱን መግለጽ።

ሦስተኛው ተግባር የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በአማርኛ መተየብ የሚከለክል የቴክኒክ እንቅፋት ብዙም የለም። ነገር ግን ከ300 በላይ ምልክቶችን ለላቲን ፊደል በተሠራ ኪቦርድ ላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ተመራቂው ወደፊት በመሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤት የሚጽፈው ደብዳቤና ሪፖርት በአብዛኛው በአገር ውስጥ ቋንቋ በመሆኑ፣ ከውጭ የተቀዳ ፈተና ይህን ፍላጎት ሊያሟላ አይችልም።

እርማቱም ቀላል ሊሆን ይገባል። ለእያንዳንዱ ተግባር «ሠርቷል»፣ «በእርዳታ ሠርቷል»፣ «አልሠራም» ከሚሉት አንዱ ይመዘገባል። ውጤቱ ለማርክ ወይም ለትምህርት ክፍል ምርጫ መዋል የለበትም። ይህ ካልሆነ ተማሪው ድካሙን ለመሸፈን ይጥራል፤ መለኪያውም ዋጋ ያጣል።

ስለ ማሻሻያው

በውጤቱ መሠረት ተማሪዎቹን በሦስት መክፈል ይቻላል። ሁሉንም ተግባራት የሠሩት ከልምምዱ ነፃ ሆነው፣ ከእነርሱ መካከል ፈቃደኛ የሆኑት ለመምህሩ ረዳት ይሆናሉ። ከፊሉን የሠሩት ባልሠሩት ተግባር ላይ ብቻ ይለማመዳሉ። አብዛኛውን ያልሠሩት ደግሞ ለስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በጠቅላላው 16 ሰዓት በኮምፒዩተር ክፍል ይሠለጥናሉ። በመጨረሻም በዓይነቱ ተመሳሳይ፣ በይዘቱ ግን በተለወጠ ፈተና ይለካሉ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት የሥልጠናው ውጤት ነው።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ተማሪዎች ሲቀመጡ፣ የሚያውቀው ማውሱን ይይዛል፤ የማያውቀው ያያል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሚያውቀው ይበልጥ ያውቃል፤ ሌላው ማየትን ይለምዳል። ስለዚህ መሣሪያ ባነሰበት ክፍል ጀማሪን ከጀማሪ ጋር ማጣመርና በየአሥር ደቂቃው ቦታ ማለዋወጥ ይበጃል። ረዳት የሆነው ተማሪም በቃል ይምራ እንጂ ኪቦርዱን አይንካ።

«መሣሪያው ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም የመውጫው ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ በመሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ የሚሆን አዳራሽ ማዘጋጀት ግድ ሆኖባቸዋል። ለተመራቂው የተዘጋጀው አዳራሽ ለገቢውም ሊያገለግል ይችላል። ለአብነት ያህል 40 ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ አዳራሽ፣ ለእያንዳንዱ ዙር መግቢያና መውጫውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ቢመደብለት፣ በቀን በስምንት ዙር 320 ተማሪዎችን ያስተናግዳል። 1,200 አዲስ ገቢ ተማሪዎች በአራት ቀን ውስጥ ተፈትነው ያልቃሉ ማለት ነው። ይህም በምዝገባው ሳምንት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።

የልኬቱ ጥቅም በዩኒቨርሲቲው አጥር አይወሰንም። ውጤቱ የተማሪዎቹ ስም ሳይጠቀስ ተጠቃሎ ለየክልሉ ትምህርት ቢሮ ቢላክ፣ በየትኛው አካባቢ የኮምፒዩተር ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ እንደቀረ ዕቅድ አውጪዎች በማስረጃ ያውቃሉ። ለትምህርት ቤት የሚገዙ መሣሪያዎችም በግምት ሳይሆን በፍላጎት ይደለደላሉ።

ማጠቃለያ

«የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ» መሰረዝ የሚገባው ትምህርት አይደለም፤ መሠረት የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። ጥራዙ ተማሪው ነገ ስለሚገጥመው ዓለም ይነግረዋል፤ ዛሬ ከፊቱ ስለተቀመጠው መሣሪያ ግን ዝም ይላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት አዲስ ሚኒስቴራዊ መመሪያም ሆነ ከፍተኛ በጀት መጠበቅ አያሻም። የሚያሻው በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪውን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጦ «እስቲ ሥራ» ማለትና የታየውን በታማኝነት መዝግቦ ትምህርቱን ከዚያ መጀመር ነው። የየኔታ እንጨት ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነበር።