«ነዳጅ ያነሰው» ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ የትርጉም ረቂቅ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው ቃሉ ለጆሮ እንዲጥም፣ ከቋንቋውም የእርባታ ሥርዓት ጋር እንዲስማማ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ስያሜ የሚመዘነው ሠራተኛውን ወደ ምን ተግባር እንደሚመራው ጭምር ነው። ለዚህ አስረጅ እንዲሆነን በቅርቡ የተመለከትነውን አንድ የትርጉም ረቂቅ እንመረምራለን። ረቂቁ የሚያስተምረው የቤንዚን ሞተር መደበኛ ካምሻፍት ለከፍተኛ ፍጥነት በተቀረጸ ካምሻፍት ከተለወጠ በኋላ የሚኒሞው ነዳጅ እንዴት እንደሚመጠን ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ የተቃኑ ናቸው፤ ጉድለቱ ከስያሜዎቹ ላይ ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንረዳው። ካምሻፍት ቫልቮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ቅጽበት የሚወስን ዘንግ ነው። ለከፍተኛ ፍጥነት የተቀረጸው ቫልቮቹን አብልጦ ይከፍታል፤ ክፍት ሆነው የሚቆዩበትንም ክልል ያሰፋል። ከዚህ የተነሣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ገና ሳይዘጋ የማስገቢያው ይከፈታል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ይጠቅማል፤ በሚኒሞ ግን የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማስገቢያው ተመልሶ ከአዲሱ የአየርና የነዳጅ ውህድ ጋር ይቀላቀላል፤ ቃጠሎውም ይቆራረጣል።

ረቂቁ ሚኒሞን «የሥራ ፈት ፍጥነት» ይለዋል። በሚኒሞ የሚዞር ሞተር መኪናውን አያንቀሳቅስም እንጂ ሥራ አልፈታም፤ የራሱን ሰበቃ ያሸንፋል፣ ዲናሞውንም ያዞራል። ከጣልያንኛ የወረስነው «ሚኒሞ» ትርጉሙ «ትንሹ» ማለት ስለሆነ የነገሩን ባሕርይ በትክክል ይጠራል፤ መካኒኩም ያውቀዋል። በእጅ ያለውን ቃል ጥሎ የእንግሊዝኛውን ዘይቤ መመለስ ትርፉ አይታየንም።

ሁለተኛው «ቆይታ» ነው። «የ270 ዲግሪ ቆይታ» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ ጊዜ ወይም ስለ ሙቀት የተነገረ ይመስለዋል። የተነገረው ግን ክራንክሻፍቱ ቫልቩ ክፍት ሳለ ስለሚዞረው ዘዌ ነው። ይህ ዘዌ ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር የሚወስደው ጊዜ፣ 4,000 ዙር ሲዞር ከሚወስደው አምስት እጥፍ ነው። ካምሻፍቱ በሚኒሞ የሚያስቸግረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «የመከፈቻ ዘዌ» ቢባል ይሻላል። እንዲሁም «የቫልቮች መደራረብ» አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጠ ስለሚያስመስል «የቫልቮች የጋራ መከፈት» ብንል እንመርጣለን።

ሦስተኛው ከስያሜ አልፎ ስሕተት ነው። ረቂቁ «ዝቅተኛ ቫኩም»ን «ዝቅተኛ ግፊት» ብሎ መልሶታል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቫኩሙ ዝቅ ሲል በማስገቢያው ቱቦ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። በባሕር ወለል ላይ መደበኛና ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ያህል ቫኩም ያሳያል፤ ሰፊ የጋራ መከፈት ያለው ካምሻፍት ከ12 በታች ሊያወርደው ይችላል። ነዳጁን በዚያ ግፊት የሚመጥን ኮምፒውተር የግፊቱን ከፍ ማለት የሥራ ጫና መስሎት ነዳጅ ይጨምራል። በተጨማሪም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው በአዲስ አበባ የከባቢ አየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ የቫኩሙ ቁጥር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ተርጓሚው የቫኩምንና የግፊትን ስያሜ ለያይቶ መያዝ ግዴታው ነው።

ዋናው ነጥባችን ግን የሚከተለው ነው። ከ14.7 እጅ አየር ጋር አንድ እጅ ቤንዚን በክብደት ሲዋሃድ ሁለቱም ተሟልተው ይቃጠላሉ። ነዳጁ ከዚህ ሲያንስ ረቂቁ «ነዳጅ ያነሰው ውህድ» ይላል፤ መልካም ስያሜ ነው፤ «ድሃ ውህድ» ከማለት እጅግ ይሻላል። ችግሩ ይህንኑ ስያሜ ለኦክሲጅን መለኪያው ንባብም ማዋሉ ነው። መለኪያው ነዳጅን አያይም፤ የሚያየው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን ነው። በሚኒሞ ቃጠሎው ሲቆራረጥ ያልተቃጠለ ነዳጅና ያልተቃጠለ ኦክሲጅን አብረው ይወጣሉ። መለኪያው ኦክሲጅኑን ብቻ ያስታውቃል፤ «ነዳጅ ያነሰው» የሚለውን ያነበበው ባለሙያ ነዳጅ ይጨምራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ ሞተሩም ይብሳል። በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው መለኪያው በሚኒሞ የሚያደርገውን እርማት መግታት፣ ነዳጁንም በሞተሩ አዟዟር ርጋታና በቫኩሙ መጠን መፍረድ ነው።

«መነሻው ጽሑፍ ራሱ ለሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ተርጓሚው አራሚ አይደለም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። መልሱ ክብደት አለው። ነገር ግን የመነሻው ቋንቋ አንባቢ ልዩነቱን በረጅም የሙያ ልማድ ይፈታዋል፤ በእኛ ዘንድ ስያሜው ገና በመወለድ ላይ ነው። ሲወለድ ልናርመው የምንችለውን አሻሚነት ለመካኒኩ ማውረስ አይገባንም። ስለሆነም ለውህዱ «ነዳጅ ያነሰው» እና «ነዳጅ የበዛበት»፣ ለመለኪያው ንባብ ደግሞ «ኦክሲጅን የበዛበት ጭስ» እና «ኦክሲጅን ያነሰው ጭስ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

ረቂቁ የሚመሰገንበትም አለው። ሥራውን በጠቅላላ «ቅኝት» ብሎታል። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን አውታር ከሌሎቹ ጋር ያስማማል እንጂ ለብቻው አያከርም፤ ሚኒሞም የሚረጋው አየር፣ ነዳጅና የእሳት ብልጭታው ቅጽበት ሲስማሙ ነው። «ማስተካከል» ጥገናንም ስለሚጨምር ይህን አይለይም። ተርጓሚው ይህን ስያሜ ሲመርጥ ነገሩን ተመልክቷል፤ ሌሎቹንም በዚሁ ዓይን ቢመረምራቸው ረቂቁ ለጋራዥ የሚታመን መመሪያ ይሆናል።