ፍትፍት፦ ከመቅደስ እስከ ጓዳ

ከዓመታት በፊት ስለ እናቴ የጻፍኩትን መጣጥፍ ይዤ አንድ አዘጋጅ ዘንድ ቀርቤ ነበር። «ፍትፍት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። «ይኼ የጓዳ ቃል ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ አይመጥንም» አሉኝ። ጀማሪ ነበርኩና አንገቴን ደፍቼ «ምግብ» በሚል ተካሁት። ሙግቴን ዛሬ ላቅርብ።

ለመሆኑ ፍትፍት ምንድን ነው? እንጀራን በጣት እየቆራረሱ ከወጥ ወይም ከሌላ ማባያ ጋር ማዋሐድ ነው። በጾም ወቅት የሱፍና የቲማቲም ፍትፍት ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል። ፍርፍር ግን ድስት ወይም መጥበሻ ይፈልጋል፤ እሳት ላይ ይሠራል። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ሁለቱን እንደ አንድ የሚጠራ አይጠፋም። ስማቸው ሲደበላለቅ የባለሙያዋ ልዩ ልዩ ሙያም አብሮ ይደበዝዛል።

ዘሩን ብንቆጥር ደግሞ ጓዳ ብቻ አንቀርም። በግእዝ «ፈተተ» ማለት ቆረሰ፣ ቆራረሰ ማለት ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከኅብስቱ መቆረስ ጋር የሚደርሰው ጸሎት «ጸሎተ ፈትቶ» ይባላል። ዐረብኛም መቆራረስን በዚሁ ሥር ይገልጻል፤ ዳቦ ተቆራርሶ የሚሠራው «ፈታ» ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። በዕብራይስጥ «ፓት» ቁራሽ እንጀራ ነው። አማርኛ ሥሩን ደገመና «ፈተፈተ» አለ፤ «ፈረፈረ»፣ «ወጠወጠ» እንደሚለው ሁሉ። ድግግሞሹ የጣቶችን መመላለስ ይነግረናል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት ሰምቶ ቃሉን ከ«ፊት» ጋር ማዛመድ የሚቃጣው ይኖር ይሆናል። እዚያ ያለው ግን የድምፅ መግጠም ነው፤ ድምፅ ስለገጠመ ዝምድና አለ አይባልም። የተረቱ ቁም ነገር ከማዕዱ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጣል ማለቱ ነው።

ሕዝቡ በማያገባው ገብቶ እጁን የሚያስገባውንም ሰው «ይፈተፍታል» ይለዋል። በጽሑፌ የፈተፈቱትን አዘጋጅ ግን ዛሬ አልቀየማቸውም፤ የተሟገትኩለት አልነበረምና። መቅደስ የገባ ቃል ለብዕር ያንሳል ብዬ ያመንኩት እኔ ነኝ። እናቴ ፈትፍታ አጉርሳኛለች። ያን ዕለት «ምግብ» ብዬ ስጽፍ እጇን ከጽሑፉ አወጣሁት።