የጸሐፊ ረዳት መጻሕፍት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የጽሕፈትን ጥቅም ባጭር ቃል ነግረውናል። ነገር ግን የሚወረሰው መልካሙ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የተበላሸውም አብሮ ይወረሳል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈውን ደብዳቤ፥ በየትምህርት ቤቱም የሚቀርበውን ድርሰት የተመለከተ ሰው ይህን ሳይታዘብ አይቀርም። ስለዚህ አማርኛን አሳምሮ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ረዳት ይሆኑኛል ብሎ የሚይዛቸውን መጻሕፍትና መሣሪያዎች በየተራ እያነሣን፥ የሚሰጡትንና የሚጎድላቸውን ለመመዘን አስበናል።

አስቀድመን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናስታውስ። የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በማሳተም የቀደሙት የቋንቋው ባለቤቶች አልነበሩም። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ፥ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ የቀሰመውን ዕውቀት መሠረት አድርጎ፥ ሁለቱንም በላቲን ቋንቋ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1698 ነው። ከዚያም በኋላ፥ ከኛው ወገን የሆኑት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 በሮም ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው የተጻፈው በኢጣልያንኛ ነበር። እነዚህ መጻሕፍት ትልቅ ሥራ መሆናቸው አይካድም። ዓላማቸው ግን አማርኛን የማያውቀው ሰው እንዲያውቀው ነበር እንጂ፥ አፉን የፈታበት ሰው አሻሽሎ እንዲጽፈው አልነበረም።

ለባለ ቋንቋው የተሰናዱት ታላላቅ መዛግብተ ቃላት የወጡት ዘግይተው ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፥ የአለቃ ደስታ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ተከተሉ። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ትውልድ እየተቀባበለ ለፍሬ ማድረሱ ብቻውን ለኛ ለችኩሎቹ ትምህርት ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ለጸሐፊ የሚሰጡት ትልቁ ረዳትነት ቃልን ከነሥሩ ማሳወቃቸው ነው። «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ፀሐይ መውጣቷን ይነግራል፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን ሌባ መግባቱን። «ድኅነት» በብዙኃኑ «ኀ» መዳን ነው፤ «ድኽነት» ግን ማጣት። ፊደሉን እንደ ልቡ የሚያቀያይር ሰው፥ ሳያውቀው መዳንን በማጣት ለውጦ ይጽፋል።

ነቀፌታችንንም መሸሸግ አይገባንም። የአለቃ ኪዳነ ወልድና የአለቃ ደስታ መዛግብት የተደረደሩት በ«አበገደ» ተራ ስለ ሆነ፥ በ«ሀለሐመ» የተማረው ተማሪ ቃሉን ለማግኘት ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል። ደግሞም ቃሉ የሚፈለገው በሥሩ ነው። ሥሩን የማያውቅ ተማሪ መጽሐፉን ይከፍታል፥ ያጣል፥ ይዘጋል። ሁለተኛም አይከፍተውም። እንዲህ ያለውን ፍለጋ ሊያስተምረው የሚገባው መምህሩ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመጽሐፉ ላይ ልንጭነው አይገባም።

ወደ ሰዋስው ስንመለስ፥ የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን በ1948 ዓ.ም. የታተመ «ያማርኛ ሰዋስው» በአክብሮት እናነሣለን። ስምን፥ ግሥንና ቅጽልን ጨምሮ ስምንቱን የቃል ክፍሎች ያስተማረን ይህ ሥርዓት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በበኩሉ ይህን አከፋፈል በዘመናዊ የቋንቋ ጥናት መርምሮ ስምንቱን ወደ አምስት አወረዳቸው። ክርክሩ ለሊቃውንት ይጠቅማል። ጸሐፊው ግን ስምንትም ይሁኑ አምስት፥ ስማቸውን ስላወቀ ብቻ ጽሑፉ አይቃናለትም። የእህልን ዘር ሁሉ በስሙ የሚጠራ ሁሉ ገበሬ አይደለምና።

በመጨረሻ የመጣው ረዳት መሣሪያው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ከገባ ወዲህ፥ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈውን በሌላው ማንበብ ቀሏል። የፊደል ግድፈትን የሚጠቁም መሣሪያም አለ። ነገር ግን የአማርኛ ጠባይ ይፈትነዋል። «እንዳላስቸገርናቸውም» የሚለውን እንውሰድ። አንድ ቃል ሆኖ ሳለ አሉታውን፥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ሁሉ ተሸክሟል። እንዲህ ያለውን ቃል ከነርባታው ሁሉ በዝርዝር መዝግቦ መጨረስ አይቻልም። ደግሞም «ሠረቀ» ለማለት «ሰረቀ» ቢጻፍ፥ ሁለቱም ቃል ናቸውና ቃሉን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ረዳቶች ባሉበት፥ አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ከአንድ መሥሪያ ቤት የደረሳቸውን ደብዳቤ እንድናነብላቸው ይዘውልን መጡ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ «በቀረበው አቤቱታ መሠረት አስፈላጊው ማጣራት እንዲደረግ የተደረገ ከመሆኑም በላይ፥ ውጤቱ እንደ ታወቀ ለሚመለከተው ክፍል ተገልጾ የሚገለጽ መሆኑ ተገልጿል።» አንድ ጊዜ አነበብንላቸው፤ ደገምንላቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «ታዲያ ልጄ፥ እሺ ነው እንቢ?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ያን ደብዳቤ በመዝገበ ቃላት ብንፈትነው አንድም ቃል አይወድቅም። በሰዋስው ብንመረምረው ግሡ በቦታው ነው። መሣሪያውም ቀይ መሥመር አያሰምርበትም። ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? የሰዋስው ሊቃውንት ድርጊቱን የሚፈጽመውን ክፍል «ባለቤት» ይሉታል፤ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የሚያጣራው ማን ነው? የሚገልጸውስ? መቼ? ጸሐፊው ባለቤቱን ከዐረፍተ ነገሩ ሲያስወጣ፥ ጉዳዩንም ያለ ባለቤት ትቶታል። አሮጊቷ ያጡት የቃላቱን ፍቺ ሳይሆን የጉዳያቸውን ባለቤት ነበር።

ደብዳቤው እንዲህ ቢባል ኖሮ፦ «አቤቱታዎን ተቀብለናል። የመዝገብ ክፍላችን እያጣራው ነው። ውጤቱን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በደብዳቤ እናስታውቅዎታለን።» ቃሉ አነሰ፤ ኀላፊነቱ ግን በዛ። ምናልባትም ብዙዎች «ተደርጓል፥ ተገልጿል» ማለትን የሚወዱት ስለዚህ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ደብዳቤውን ራሱ የሚደርስ መሣሪያ መጥቷል። ቃሉን ያለሰልስ ይሆናል፤ ለተሰጠው ተስፋ ግን መሣሪያው ባለቤት አይሆንም። ፈራሚው ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የኛ ፍርድ ይህ ነው። በእጃችን የገቡት መጻሕፍት ስለ ቃልና ስለ ርባታ ብዙ ያስተምራሉ፤ የታመመን ዐረፍተ ነገር ይዘው፥ ሕመሙን አሳይተው፥ ፈውሰው የሚያሳዩ ግን አይደሉም። ይህ ጥበብ በአገራችን ያልነበረ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ መወድስ እስኪደርስ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ያርማል፥ የተጣመመውን ያቃናል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። አንዱ ሲታረም ብዙዎች ይማራሉ። ግሡና አገባቡ የሚለመደውም ከዚሁ ጋራ ነው። እኛ ግን መጽሐፉን ወስደን ዕርማቱን ትተነዋል።

መምህራን ሆይ፥ በተማሪው ደብተር ላይ ቀይ ምልክት ብቻ አድርጋችሁ አትመልሱ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ከተማሪዎቹ ጋራ አቃኑት። የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም ደብዳቤውን ከመፈረማችሁ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነም ጠይቁ። ተማሪዎችም መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አውርዱ፤ የሥሩን ፍለጋ ታግሣችሁ ልመዱት። የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ በዕርማት ላይ የቆመ የድርሰት መጽሐፍ ቢያሰናዱልን፥ ከቀደሙት አባቶች ሥራ አጠገብ የሚቆም ውለታ ይሆናል።

አሮጊቷ ደብዳቤያቸውን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ለጥያቄያቸው መልስ እስኪያገኙ ድረስ፥ ስለ መልካም ጽሑፍ የምንናገረው ሁሉ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው።