ዝም ያለ ታግ ሁሉ አልተነካም

ባትሪ የሌላት የRFID ታግ፣ ማለትም ቺፕና አንቴና ያላት በሬዲዮ ሞገድ የምትነበብ መለያ፣ ከሩቅ ስትነበብ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኃይል ከየት አገኘች?» ብሎ ነው። ታጓን ከሚያነበው መሣሪያ፣ ከአንባቢው ነው። አንባቢው የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ታጓ አንቴና ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ቺፑን ይቀሰቅሰዋል፤ ቺፑም ሞገዱን አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ደከም አድርጎ እየመለሰ መለያ ቁጥሩን ይናገራል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሃሪ ስቶክማን በተንጸባረቀ ኃይል ስለ መገናኘት የጻፈው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኔ ሥራ ይህችን ታግ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ማድረግ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ ጣት አንቴናው ላይ ሲያርፍ፣ ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነውና፣ አንቴናው ከተቃኘበት ድግግሞሽ ይወጣል፤ ታጓም ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ ትእዛዝ መቁጠር ነው። ግን ታግ ዝም የምትልበት ሰበብ ብዙ ነው። ሰው በመሃል ሲያልፍ ዝም ትላለች፤ የብረት በር ሲከፈትም እንዲሁ። አንዳንዴ ደግሞ አንባቢው ሌሎች ታጎችን ሲጠራ ተራዋ ይዘገያል።

ስለዚህ ብቻዋን የተለጠፈች ታግ አላምንም። አለፍ ብሎ ማንም የማይነካት ሌላ ታግ እለጥፋለሁ፤ «ምስክር» እላታለሁ። ሁለቱም አብረው ከጠፉ ሰው አልፏል ማለት ነው፣ መብራቱ አይነካም። ምስክሯ እየተነበበች ጎረቤቷ ብቻ ከጠፋች ግን እጅ ነው። በጣም ካጠጋኋቸው ደግሞ አንዱ አንቴና ሌላውን ስለሚያውክ፣ አንዷ ስትነካ ሁለቱም ይታመማሉ።

በ2016 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ የዲዝኒ ሪሰርችና የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች ወረቀት ላይ ባረፉ ታጎች መንካትን፣ መሸፈንንና ማንሸራተትን መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ታጓን ይዞ ማወዛወዝን ለመለየት ግን ፌዙን፣ ማለትም ተመላሹ ሞገድ በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ደረጃ፣ መከተል ያስፈልጋል፤ በ915 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነና ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ፣ ታጓ 16 ሴንቲሜትር በራቀች ቁጥር ፌዙ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ አንባቢው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ቻናል እየቀያየረ ነው የሚሠራው፤ ቻናሉ ሲቀየር እጅ ሳይንቀሳቀስ ፌዙ ይዘላል። የየቻናሉን መነሻ ለየብቻ ያልያዘ ፕሮግራም ያልተደረገ እንቅስቃሴ ያያል። ለዚህ ነው ለቤት የማወዛወዝ ምልክት የማልመክረው፤ ለትርኢት ያምራል እንጂ ለሌሊት መብራት አይሆንም።

«ባትሪ አይፈልግም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አንባቢው የት ሶኬት ላይ እንደሚሰካ ጠይቁት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ታጓም አብራ ትጠፋለች።